የገና ሜዳና የኔ ሽምብራ

ተመልካች ጠፋ ሲባል እሰማለሁ። ፀጉር ቤቴ ውስጥ ሰሞኑን የሚወራው ይሄው ነው። የፍኖተ ሰላም ልጆች ጨርቁን አንገታቸው ላይ እስካስርላቸው እንኳ አይታገሱም። ሜዳ ገብቶ ኳስ የሚያይ ሰው የለም ይላሉ። ሁሉም ኳስ ማሳያ ቤት አግዳሚ ላይ ተደርድሮ የፈረንጅ ኳስ ያያል ይላሉ። እዚያም ቢሆን የዋንጫው አሠራር ስለተቀያየረ ማን እንዳለፈ፣ ማን እንደወደቀ በቅጡ የሚያውቅ ጠፍቷል። አንድ ከቡሬ በቆሎ የሚያመላልስ ሹፌር ባለፈው ምን አለኝ መሰላችሁ? ድሮ የተሸነፈ ቡድን አርፎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፣ አሁን ተሸንፎም ይመለሳል፣ ታዲያ እኔ ለማን ልዘን አለኝ። እውነቱን ነው።

እኔ የሰው ፀጉር እያስተካከልኩ እሰማለሁ። ግን ስለ ተመልካች መብዛትና ማነስ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ በዚህ አካባቢ ያለ አይመስለኝም። በምን ታውቃለህ ካላችሁኝ፣ በሽምብራ።

ቆይ ላስረዳችሁ። ባለቤቴ ውባለም አገሯ ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ነው። ከአባቷ የደረሳት ማሳ አለ፤ ዋልካ መሬት ነው። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ሽምብራ እንዘራበታለን። ገና ሲደርስ እሸቱ ልክ ለመብላት ይሆናል። ችግሩ ማሳው ያለበት ቦታ ነው። አንድ ጎኑ ከገና ሜዳው ጋር ይዋሰናል። ድንበር የሚባል ነገር የለም፤ ሣሩ ያልቃል፣ ሽምብራዬ ይጀምራል።

እንግዲህ ሰው ቆሞ ጨዋታ ሲያይ እጁ ዝም አይልም። ከተማ ቢሆን ቆሎ ይገዛል። እዚያ ግን ቆሎ ሻጭ ምን ያደርጋል? ጎንበስ ማለት ነው እንጂ። አንዱ ይነቅላል፣ ለጎረቤቱ ያካፍላል፣ ልጁን ያስታቅፋል። የኔን ሽምብራ እየበላ ለእኔው «እህሳ፣ ማን እየመራ ነው?» የሚለኝ አለ። ጨዋታው የደመቀ ዓመት ማሳው እስከ ወገቡ ይራቆታል። የቀዘቀዘ ዓመት ዳር ዳሩ ብቻ ይጎዳል። ሌላው ተመልካች በጭንቅላት ይቆጥራል፣ እኔ ግን በሽምብራ ነው የምቆጥረው።

የገና ጨዋታ አይታችሁ ለማታውቁ የከተማ ልጆች ባጭሩ ልንገራችሁ። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ አለ። ከወይራ ሥር ተጠርባ የተድበለበለች ሩር የምትባል ኳስ አለች። ሁለት ሰፈር አለ፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር። ሜዳው መካከላቸው ነው። የላይኞቹ ሩሯን እየመቱ ወንዟን ካሻገሩ አገቡ ይባላል። የታችኞቹ ደግሞ ከዋርካው ካሳለፉ አገቡ። ተጫዋቹ ስንት ነው ለሚል ጠያቂ መልስ የለም። የመጣው ሁሉ ነው። ሰዓቱም ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው። ሲያልቅ ያሸነፈው ሰፈር የተሸነፈውን እየዞረ በግጥም ይሰድባል፣ የተሰደበው ጠላ ይቀዳል። በዚያ ቀን በተሰደበ የሚቀየም የለም።

እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፤ ይሄን ሁሉ ያወቅሁት አማች ሆኜ ስሄድ ነው። ሙሽራ በነበርኩበት ዓመት አዲስ ልብሴን ለብሼ ለገና አማቶቼን ልጠይቅ ሄድኩ። ሜዳው ዳር ቆሜ ሰላምታ ስሰጥ አንድ ዱላ ቅልጥሜ ላይ አረፈ። ቁጭ አልኩ። ሰው ከበበኝ። እንዳይሰበር ብለው የተጨነቁልኝ መስሎኝ ነበር። እነሱ የጠየቁኝ የመታህ ከላይ ነው ከታች ነው ብለው ነው። ከታች ከሆነ ታች ሰፈር የራሱን አማች መታ ተብሎ ይገጠምበታል፤ ጉዳዩ ያ ነበር። ቅልጥሜን ያየልኝ ማታ ውባለም ናት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እኔ ዱላ አልነካም። ሽምብራዬ ዳር ቆሜ እሸት ነቃዩን እሽ እላለሁ፣ በዚያውም አያለሁ።

ታዲያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሽምብራዬ መትረፍ ጀመረ። መጀመሪያ የመሬቱ በረከት መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። ወጣቱ ከተማ ገባ። የቀረውም በዓሉን ማንኩሳ ወጥቶ ስክሪን ፊት ያሳልፋል። መንገድ የተዘጋበት፣ ሰው ከቤቱ መውጣት የፈራበት ዓመትም ነበር። ዝም ብሎ የቀረ ነገር ደግሞ መንገድ ሲከፈትም ቶሎ አይመለስም። ባለፈው ዓመት ሽምብራዬ ደርቆ እስኪታጨድ ድረስ ማንም አልነካውም። ውባለም ደስ አላት። እኔም አልከፋኝም፤ ለምን እዋሻችኋለሁ?

የከፋቸው አያ ቢተው ናቸው። አያ ቢተው በደጉ ጊዜ የታች ሰፈር የገና ጨዋታ አባት ነበሩ። አሰላለፉን የሚያስይዙ፣ ጠብ ሲመጣ መሐል የሚገቡ እሳቸው ናቸው። መሬት በተከፋፈለ ጊዜ ለእሳቸው የደረሳቸው ዕጣ ልክ ሜዳው መሐል ነበር። ጥቁር አፈር፣ ድንጋይ የማያውቅ። እሳቸው ምን አሉ? ይሄ የሁሉ ነው፣ ይተው፣ ለኔ ሌላ ስጡኝ አሉ። ሌላ ብሎ የተሰጣቸው ከበስተጀርባ ያለው ጭንጫ ነው። ማረሻ በተሰበረ ቁጥር ሚስታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ያችን ቀን እያነሱ ይወቅሷቸው ነበር አሉ። ልጆቻቸው ዛሬም ያንኑ ድንጋይ ያርሳሉ።

እንግዲህ ቀበሌው ዘንድሮ ምን አለ? ሜዳው ሥራ ፈቶ ተኝቷል፣ የተደራጁ ወጣቶች ከብት ማድለቢያ ጠይቀውበታል አለ። አያ ቢተው ሄደው አቤት አሉ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደለም። እንደ ድሮው ሰው የሚወጣበት ከሆነ ማንም አይነካውም፣ ካልሆነ ግን ምን ብዬ እከለክላለሁ አላቸው። የቃና ዘገሊላ ዕለት ከወረዳ ባለሙያ መጥቶ የተመልካቹን ብዛት አይቶ ሪፖርት ያደርጋል፣ በዚያ ይወሰናል ተባለ።

አያ ቢተው ይሄን የነገሩኝ እኔው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ለገበያ ፍኖተ ሰላም ሲመጡ ራሳቸውን እኔ ነኝ የምላጫቸው። ምላጩን ከራሳቸው ላይ አነሣሁ።

«ልጄ፣» አሉኝ በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ፣ «እኔ ድንጋይ ያረስኩት ሰው እንዲሮጥበት ብዬ ነው። በሬ የሚተኛበት ከሆነማ የራሴ በሬ ይተኛበት አልነበር?»

ሰው እንዴት ነው ወደ ሜዳ የሚመለሰው ብለው ሲጠይቁኝ፣ መልሱ ከጀርባዬ መጣ። የሚስቴ ወንድም ዓለምነህ አግዳሚው ላይ ተራውን ይጠብቅ ነበር። ዓለምነህ እዚሁ ከተማ የስፖርት መምህር ነው። ጥሩ ልጅ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ በስልኩ ያየው ነገር ሁሉ አገሩ ላይ የሚሠራ ይመስለዋል።

«ጋሼ፣ ችግሩ ፎርማቱ ነው፣» አለ።

አያ ቢተው ፎርማት ምንድን ነው አሉኝ። የጨዋታው አሠራር ማለቱ ነው አልኳቸው። ዓለምነህ ተነሥቶ ያስረዳ ጀመር። የዛሬ ሰው በዓመት አንድ ቀን፣ ያውም ቀኑን ሙሉ፣ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ቆሞ አያይም አለ። ስምንት ቡድን፣ ሁለት ምድብ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አሥራ አንድ ተጫዋች፣ ነጥብ፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ ፍጻሜ። ዳኛ በፊሽካ። ስድብ ክልክል፤ የሰደበ ደጋፊ ያለው ቡድን ነጥብ ይቀነስበታል። ሰው ከሜዳው እንዳይገባ ዙሪያውን ገመድ ይወጠራል።

አያ ቢተው ሲሰሙት ቆይተው፣ እኛ ሁለት ሰፈር ነን፣ ስምንቱን ከየት ታመጣዋለህ አሉት። እንከፋፈላለና አላቸው። ራሳቸው በግማሽ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው። መጨረሻ ላይ፣ «ሰው ካመጣልኝ ይበል፣» አሉ።

እኔ ስለ ነጥቡም ስለ ምድቡም ግድ አልነበረኝም። ገመዱን ግን ወደድኩት። ገመዱ የሚያልፈው በሜዳውና በሽምብራዬ መካከል ነዋ! ከቡሬ ገበያ ጥሩ ጠንካራ ገመድ ያስመጣሁት እኔ ነኝ። ዓለምነህ ለባህሉ ያለህ ፍቅር ይገርማል ብሎ አመሰገነኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ።

የገና ዕለት ውድድሩ ተጀመረ። ሰው መጣ። አዲስ ነገር ነው ተብሎ የለ? ግን ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ የሆነ ነገር እንዳልተስተካከለ ያስታውቅ ነበር። ታች ሰፈር አራት ቦታ ተከፍሏል። ወንድም ከወንድሙ ጋር ተለያይቷል። አንዲት እናት አንድ ልጇ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ሆኖባት እልልታዋን አፏ ውስጥ ይዛ ቀረች። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ዱላቸውን ይዘው ነበር የመጡት። አሥራ አንድ ሞልቷል፣ ከገመዱ ውጭ ቁሙ ተባሉ። ቆሙ። ዱላ ይዞ የቆመ ሰው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ፍርድ ቤት በር ላይ ተራ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። ያን ቀን ሽምብራዬ ትንሽ ተበላ። በገመዱ ሥር እጅ ይገባል፤ ይሄን አላሰብኩበትም ነበር።

ሁለተኛው ዙር ማክሰኞና ረቡዕ ሆነ። ለምን ማክሰኞና ረቡዕ ብለው ሲጠይቁት ዓለምነህ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ የሚደረገው በእነዚህ ቀኖች ነው አለ። አውሮፓ ውድማ የለ! በእኛ አገር ያን ሰሞን ጤፍ ይወቃል። ነፋስ መጣ ከተባለ ገበሬ እናቱንም አያናግርም። ማክሰኞ ሰው ከውድማው ሳይወጣ ቀረ፣ ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ቆሞ አያይም። የመጡት የተጫዋቾቹ ሚስቶችና ውኃ ልትቀዳ በዚያ ያለፈች አንዲት ልጅ ናቸው።

የስድቡ ነገር ደግሞ የባሰ ጣጣ አመጣ። ከላይ ሰፈር ቡድኖች አንዱ ከታቾቹ አንዱን ረታ። ደጋፊዎቹ ሴቶች አፋቸው ልማድ አለበት፤ ሳያስቡት አወረዱት፦

ታች ሰፈሮች ሩር ጠፋባቸው፣
ጤፍ ሲያበጥሩ አለፈቻቸው።

ፊሽካ ተነፋ። ነጥብ ተቀነሰ። ያሸነፈው ቡድን በገዛ ዘፈኑ ወረደ፣ የተሸነፈው በስድብ አለፈ። ይሄ ወሬ እንዴት እንደሄደ አትጠይቁኝ። በማግሥቱ አንድ ሊወድቅ የደረሰ ቡድን ሽማግሌ ይዞ እነዚያው ሴቶች ዘንድ ሄዶ፣ እባካችሁ ነገ ስደቡን ብሎ ለመነ። ሴቶቹ ተቆጡ። እኛ የምንሰድበው የሚሰደብ ሲገኝ ነው እንጂ በትእዛዝ አንሠራም አሉ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ አልወጡም። ሴቶቹ ሲቀሩ ጎረምሶቹ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ?

አንድ ጨዋታማ ነበር፣ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ሁለቱ ቡድኖች እኩል ከወጡ ሁለቱም ያልፋሉ። ዓለምነህ ይሄን አስቀድሞ በደንብ አስረድቷቸዋል። ገቡ። ሩሯን መሐል አስቀመጧት። አንዱ በጫፍ ነካ ያደርጋታል፣ ሌላው ደግሞ ቀስ ብሎ ይመልስለታል። እየቆየ ሁለቱ ቁጭ ብለው ስለ በርበሬ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ዳኛው ተጫወቱ እንጂ ሲላቸው እየተጫወትን ነው አሉት። አያ ቢተው ይሄን አይተው ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉና ፊታቸውን ወደ ዋርካው አዞሩ። በዕድሜዬ ሁለት ሰፈር ገና ሜዳ ላይ ተከባብሮ ሲቀመጥ አላየሁም አሉኝ።

ግማሽ ፍጻሜው ላይ ተመልካቹ እኔ፣ አያ ቢተውና ከገመዱ ጋር የታሰረች አንዲት አህያ ሆንን። ሽምብራዬ ግን! እንዲህ አምሮ አያውቅም። እሸቱ ግጥም ብሎ፣ ቅጠሉ ጠል ይዞ ያበራል። አንዴ እሱን አያለሁ፣ አንዴ ባዶው ገመድ ሥር ብቻቸውን የቆሙትን ሽማግሌ አያለሁ። ግማሽ ልቤ ደስ ይለዋል፣ ግማሹ ያዝናል። ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ይሆናል ወይ? ይሆናል፣ እኔ ሆኜ አይቻለሁ።

ፍጻሜው የቃና ዘገሊላ ዕለት ነበር። በዋዜማው፣ የጥምቀት ዕለት፣ አያ ቢተው ቤት ለቤት ዞሩ። ጨዋታ እዩ አላሉም። ጨዋታውንማ ማን ያየዋል? ነገ ለኔ ብላችሁ ገመዱ ሥር ቁሙልኝ፣ የወረዳው ሰው እስኪሄድ ብቻ አሉ። ሁለቱንም ሰፈር ለመኑ። እኚህን ሽማግሌ እምቢ የሚል የለም። ሬሳ ሲወጣ እንደሚወጣው ሁሉም ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። ዱላውንም ያዘ፤ ያለ ዱላ ከቤት የሚወጣ የለም።

የወረዳው ባለሙያ ሙሉቀን ይባላል። የፈረስ ቤት ከተማ ልጅ ነው፣ ጨዋ። በሞተር መጣ። ዓለምነህ ወንበር አዘጋጅቶ ነበር፤ ያዘጋጀው የኔ ማሳ ዳር ስለሆነ እኔም አጠገቡ ቆምኩ። ገመዱ ዙሪያውን በሰው ተሞልቷል። ሰው ሁሉ እጁን ዱላው ላይ አጣምሮ ዝም ብሏል። ሙሉቀን አየት አየት አደረገና ጥሩ ነው፣ ሥርዓትም አለው አለኝ። ስልኩን አውጥቶ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። አያ ቢተው ማዶ ሆነው የእሱን ጣት እያዩ ይቆጥራሉ። ዓለምነህ ደስታ ፊቱ ላይ ይነበባል።

ጨዋታው የተለመደው ነበር። አሥራ አንድ ላሥራ አንድ። መሐል ላይ አንዱ ሩሯን ሳታት፣ ተንከባለለችና በገመዱ ሥር ወጣች። ሄዳ አማቴ እመት ጥሩወርቅ እግር ሥር ቆመች።

እዚህ ላይ አማቴን ላስተዋውቃችሁ። የዓለምነህና የውባለም እናት ናቸው። ታች ሰፈር ተድረው፣ ወልደው፣ አያት ሆነው ይኖራሉ። ትውልዳቸው ግን ላይ ሰፈር ነው። አንዱ ጎረምሳ ሮጦ መጣና በትሕትና፣ እመት፣ ሩሯን ያቀብሉኝ፣ ወጥታለች፣ የእኛ ውርወራ ነው አላቸው። እሳቸው ሩሯን አዩ። ጎረምሳውን አዩ። ወንዟን አዩ።

«ከየት ነው የወጣችው?» አሉ። ምርኩዛቸውን አነሡና መቱ።

ምን ዓይነት ምት ነበር! ሩሯ በገመዱ ሥር ተመልሳ ገባች፣ በተጫዋቾቹ መሐል አልፋ ወደ ወንዟ ወረደች። ላይ ሰፈር ጮኸ። እመት ጥሩወርቅ የኛ ናት አለ። ታች ሰፈር ስንት ዘመን አብረን በልተን ዛሬ ከዳሽን አለ። አንድ ሽማግሌ ሩሯን ሊያቆም ገመዱን ተሻገረ። ሌላው ሽማግሌ እሱን ሊያቆም ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ማን እንደተሻገረ መናገር አልችልም፤ የቡሬ ገመዴ ሲበጠስ ብቻ ሰማሁ። ስምንት ቡድን የነበረው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሁለት ሆነ። ሴቶቹ ገቡ። ዲያቆኑ ሳይቀር ገባ። ዓለምነህ ፊሽካውን ነፋ፣ ነፋ፣ ነፋ። ከዚያ ሩሯ በአጠገቡ አለፈች። የታች ሰፈር ልጅ አይደል? ፊሽካውን ተፍቶ ከአንዱ ላይ ዱላ ቀማ።

አያ ቢተው ከማዶ እየሮጡ መጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ሙሉቀን ላይ ጣሉት።

«ያዝልኝ ልጄ፣» ብለው ገቡ።

ሜዳው ዳር እኔና ሙሉቀን ቀረን። እሱ ጋቢ ታቅፎ፣ እኔ አፌን ከፍቼ። ቆይቶ ወደ ስልኩ አየ፣ ወደ ዙሪያው አየ። ሰውዬ፣ የቆጠርኳቸው ሰዎች የት ሄዱ አለኝ። በአገጬ ወደ ሜዳው አሳየሁት። ተመልካች ቆጥረህ ና ነው የተባልኩት፣ አሁን ምን ብዬ ልጻፍ አለ። ያለነው ሁለት ነን፣ ከሁለታችን አንዱ እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ አለ።

ልመልስለት ስል ሩሯ ወደ እኛ መጣች። ሁለት ሰፈር ተከትሏት መጣ። ሽምብራዬ ውስጥ ገቡ። ዘንድሮ የበላ የለም፣ ሁሉም ረገጠ። እዚያ ውስጥ የገዛ ሚስቴ አለች፤ የገዛ ሽምብራዋን እየረገጠች ወንድሟን ሩሯ እንዳታልፍህ፣ በዱላህ አቁማት ትለዋለች። ኧረ በሕግ አልኩ። ማን ሰምቶኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ላይ ሰፈር አሸነፈ። ያቺው የጤፍ ግጥም ባደባባይ ተዘፈነች፤ ነጥብ የሚቀንስ አልነበረም። አያ ቢተው ላብ በላብ ሆነው፣ እያነከሱ መጡና ጋቢያቸውን ተቀበሉ። የተሸነፉት እሳቸው ናቸው፣ ግን ፊታቸው እንደዚያ አይልም። ከዚያ ወዲያው ነገሩ ትዝ አላቸው። ደነገጡ። ሰዎቹን ቁሙ ብለው ለምነው አምጥተው፣ የሚቆጥረው ሰው ፊት ራሳቸው ናቸው ገመዱን አልፈው የገቡት።

«ልጄ፣ ስንት ሰው አየህ?» አሉት ቀስ ብለው።

ሙሉቀን ስልኩን ኪሱ ከተተ። «አባቴ፣ ተመልካች አላየሁም፣» አላቸው። አያ ቢተው መሬት መሬት አዩ። «ሜዳው ግን ሲጠባችሁ አይቻለሁ። እኔ የምጽፈው ይጠባል ብዬ ነው።»

አያ ቢተው ነገሩ እስኪገባቸው ጊዜ ወሰደ። ሲገባቸው የሙሉቀንን ራስ ይዘው ግንባሩን ሳሙት። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልደብቅም። ያን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ማረሳቸው ከንቱ አልቀረም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሙሉቀን ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል ዘወር አለና፣ ይሄ የተረገጠው አዋሳኝ ማሳ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም ሰፈር ባንድ ላይ እኔን አየኝ። ስምንት ቦታ ሲከፋፈሉ ያልተስማሙ ሰዎች በዚህ ተስማሙ።

በሳምንቱ አያ ቢተው ሁለት ሽማግሌ ይዘው ፀጉር ቤቴ መጡ። ለመላጨት አልነበረም። በሜዳው በኩል ያለውን የማሳህን ጎን ልቀቅልን አሉ። በነጻ ስጠን አላሉም፣ ምትክ አቀረቡ። ምትኩ ምንድን ነው? ከጭንጫቸው ላይ የዚያኑ ያህል። ሽምብራ አያበቅልም፣ ግን ማንም አይረግጥብህም አሉኝ። እሳቸው የሰጡትን እያወቅሁ ምን ብዬ እምቢ ልበል? መሬቱ የውባለም ነው፣ እሷን ልጠይቅ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እሷማ ቀድማ እሺ ብላለች፣ ያንተን ፊት ለማየት ነው የመጣነው አሉኝ።

ዓለምነህ ያን ቀን ተሸነፍኩ የሚል ሰው አይደለም። ለከርሞ አዲስ ፎርማት አዘጋጅቻለሁ ይላል። ሁለት ቡድን፣ የተጫዋች ቁጥር ያልተወሰነ፣ ሰዓቱ ፀሐይ እስክትጠልቅ። ሰው ሲሰማው ጎበዝ ልጅ ነው ይላል።

እኔም የወንበሬ ልጆች ተመልካች ጠፋ ሲሉ አሁን መልስ አለኝ። እውነት ነው፣ ከርሞ የባሰ ይጠፋል እላቸዋለሁ። ሜዳው ዳር የሚጠበቅ ሽምብራ የለኝም፤ ውባለም ደግሞ ከአሁኑ ጥሩ ቆልማማ ዱላ አስቆርጣልኛለች።